የክለባችን የወቅት ውድድር ዘንድሮም ጁን ላይ እንዳያልቅብን፦ ሕጉን እንዴት እናውጣው?

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ግላይደር (ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አውሮፕላን) የምንበር ሐበሾች በጣት የምንቆጠር መሆናችንን አውቃለሁ። ግን ምክር ቸግሮኛል፤ ለክለቤ ሰዎች ብናገር ነገሩ ወደ ስብሰባ፣ ስብሰባው ወደ ቃለ ጉባኤ ይሄድብኛል።

ክለባችን ጀርመን፣ ሄሰን ውስጥ ነው፤ ከዋሰርኩፐ ተራራ ብዙም አይርቅም። ለማያውቀው፣ ዋሰርኩፐ 950 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያው የሮን የግላይደር ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው። በ1922 እዚያው ተራራ ላይ አንድ ሰው ያለ ሞተር ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ሲቆይ ጉድ ተባለ። የዛሬዎቹ የእኛ ጡረተኞች ሰባት ሰዓት በርረው ይወርዱና «ቀኑ ደካማ ነበር» ይላሉ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አምና «ወዳጃዊ» ያልነውን የወቅት ውድድር ጀመርን፤ ሠንጠረዡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሕጉ አንድ መስመር ነበር፦ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር የበረርከው ኪሎሜትር በግላይደርህ ኢንዴክስ ይካፈላል፣ በመቶ ይባዛል፣ ሁሉም ይደመራል። ኢንዴክሱ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ለማቀራረብ የሚሰጥ ቁጥር ነው። በእኛ ዝርዝር «ካ 8» የሚባለው አሮጌ ግላይደር 76 አለው፣ «ኤልኤስ 4» የሚባለው 104፣ የአንድ ጡረተኛ አባላችን 18 ሜትር ክንፍ ያለው የግል ግላይደር ደግሞ 118።

ጁን ላይ ውድድሩ አለቀ። ጡረተኛው ግላይደሩ ለመነሻ የሚሆን የራሱ ሞተር ስላለው ማክሰኞ ረቡዕ ማንንም ሳይጠብቅ ይነሳል፤ አንድ ማክሰኞ ብቻ 480 ኪሎሜትር በርሮ 407 ነጥብ ወሰደ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንዲት የ17 ዓመት ተማሪያችን በካ 8 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሜዳው ርቃ ሄደች፤ 62 ኪሎሜትር ላይ አየሩ ሞተባትና የታጨደ ሣር ላይ አረፈች። ግላይደሩን የምንጭንበትን ተጎታች ይዘን ሦስት ሆነን ስንደርስ ክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ የገበሬው ሚስት የሰጠቻትን ኬክ እየበላች ነበር። ኬኩን የያዘው እጇ ግን ገና ይንቀጠቀጣል። የብር ባጅ የሚባለውን የአብራሪዎች የደረጃ ምልክት የ50 ኪሎሜትር መስፈርት በዚያ ቀን አለፈች። ክለቡ ውስጥ ያንን በረራ ያላወራ የለም። ሠንጠረዡ ላይ ግን 82 ነጥብ ናት። ከዚያ ወዲያ እሷም፣ ሌሎቹ ተማሪዎችም የበረራ ፋይላቸውን መላክ አቆሙ።

ዘንድሮ ያሰብኩት ይህ ነው፦ ቅዳሜና እሁድ የተበረረ ብቻ ይቆጠር፤ ከየሰዉ አራት ምርጥ በረራ ብቻ ይያዝ፤ ዊንች (ግላይደሩን በገመድ ስቦ የሚያስነሳውን ማሽን) የነዳ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 10 ነጥብ ያግኝ። ምን ትላላችሁ?

ቦሌ_ማዶ ጻፈ፦

ከርዕሱ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። ሞተሩን ያጠፋ ነገር 480 ኪሎሜትር እንዴት ይሄዳል? አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሳነበው ተረት መሰለኝ።

ገመድ_ተበጠሰ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ቄራ አካባቢ ጥንብ አንሳ አይተህ አታውቅም? ክንፉን አንዴም ሳያራግብ እየዞረ እየዞረ ነጥብ እስኪያህል ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ላይ ያለው አየር እንደ ምሰሶ ይነሳል፤ ቴርማል ይባላል። እሱ ውስጥ ገብተህ ትዞራለህ፣ ትወጣለህ፣ ከዚያ ከፍታህን እየመነዘርክ ወደሚቀጥለው ትንሸራተታለህ። ካ 8 ጸጥ ባለ አየር አንድ ኪሎሜትር ከፍታ ከያዘ 27 ኪሎሜትር ያህል ይንሸራተታል፣ ኤልኤስ 4 40 ገደማ። ሲነሳ ግን የራሱ ሞተር ከሌለው አንድ ሰው ጎትቶ ማውጣት አለበት፤ ወይ ሌላ አውሮፕላን ወይ ዊንች። ዊንች ሜዳው ጫፍ የቆመ ትልቅ ሞተር ነው፤ አንድ ኪሎሜትር ገመድ ጠቅልሎ እንደ ልጆች ካይት ያወጣሃል። የእኔን የብዕር ስም ምክንያት ደግሞ አትጠይቀኝ።

የክንፍ_ጫፍ ጻፈች፦

ከእንግሊዝ ነኝ። እዚህ በብሔራዊ ደረጃ «መሰላል» የሚባል የወቅት ውድድር አለ፤ ክለቦችም የየራሳቸውን ይይዛሉ። ለሁሉም ክፍት የሆነው እና የቅዳሜና እሁዱ ለየብቻ ናቸው፣ ዋንጫቸውም የተለያየ ነው። ሥራ ያለው ሰው ከሥራ ፈቱ ጋር እንዳይጋፋ ታስቦ ነው። ስለዚህ ማክሰኞን ከመሰረዝህ በፊት ሁለት ዓምድ ስለማድረግ አስብ።

አራት ምርጥ በረራ ያልከው ጥሩ ነው፣ ያዘው። ዊንቹን በነጥብ መክፈል ግን ተው፤ እኛ ሞክረነው ነበር። ኦገስት ላይ የሰዉ ክርክር ሁሉ «የእኔ ስድስት ሰዓት ዊንች ከእሱ 50 ኪሎሜትር እንዴት ያንሳል?» ሆነ። ኪሎሜትርና ላብ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። አሁን ያለን ሕግ ቀላል ነው፦ በወቅቱ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ያላገለገለ ሰው በረራው አይቆጠርም፤ ዊንችም ይሁን ክንፍ መያዝም ይሁን መዝገብ መጻፍ። ዕቁብ ሳይጥል ዕጣ የሚወጣለት የለም።

ሌላው፣ ኢንዴክሱን እንደ ታቦት አታክብረው። የተሠራው ለአማካይ ቀን ነው። 30 ኪሎሜትር በሰዓት የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስላ። ካ 8 በጣም የሚንሸራተትበት ፍጥነት 73 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ 30ው ሲቀነስ መሬት ላይ የሚቀርህ 43 ነው፤ 27ቱ ወደ 16 ይወርዳል። ኤልኤስ 4 በ100 ስለሚሄድ ከ40ው 28 ይቀርለታል። አንዱ አርባ በመቶውን ሲያጣ ሌላው ሠላሳ በመቶውን ነው። 76ም ሆነ 104 ስለዚህ የሚያውቁት ነገር የለም።

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

እህቴ፣ የንፋሱ ስሌት ዓይኔን ገለጠልኝ። አምና ልጆቹ «ንፋስ ነበር» ሲሉኝ ሰበብ መስሎኝ ነበር።

ሸንተረር ጻፈ፦

ከቨርጂኒያ። እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአፓላሺያን ሸንተረር ላይ ንፋሱ በትክክል ሲመታ ቴርማልም አያስፈልግህ፤ ወደ ላይ የሚገፋውን አየር ይዘህ ሸንተረሩን ጥግ ጥጉን ትነዳለህ። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ሰው ከፔንስልቬንያ ተነስቶ ሸንተረሩን ይዞ ደርሶ መልስ ከ1,600 ኪሎሜትር በላይ በርሯል። እንዲህ ያለ ቀን ሠንጠረዥህ ውስጥ ከገባ የወቅቱ ሙሉ ድካም ዋጋ ያጣል። ያን ቀን ሥራ ያልነበረው ሰው አሸነፈ ማለት ነው።

ለዚህ ነው እኛ ጠቅላላ ኪሎሜትር መደመርን የተውነው። አሁን የቤት ሦስት ማዕዘን አለን፦ ከሜዳው ተነስተህ ሁለት የታወቁ ነጥቦችን ዞረህ ትመለሳለህ፣ በድምሩ 100 ኪሎሜትር ገደማ። በወቅቱ ውስጥ በፈለግከው ቀን፣ የፈለግከውን ያህል ጊዜ ትሞክረዋለህ፤ ምርጥ ፍጥነትህ በኢንዴክስ ተካፍሎ ይያዛል። ሁሉም ያንኑ መንገድ ስለሚያውቀው ማታ ሜዳ ላይ የሚወራው ስለ ነጥብ አይደለም፤ «ከወንዙ ማዶ ያለው የድንጋይ ካባ ላይ ሁሌ ይነሳል»፣ «እኔ እዚያ ሁለቴ ሰመጥኩ» ነው። ንፋስ ያለበት ቀን የካ 8ቱ ሰው ዝም ብሎ ሌላ ቀን ይጠብቃል።

የኤክሴል ባሪያም አትሁን። ሎገሩ (በረራውን የሚመዘግበው መሣሪያ) የሚያወጣውን ፋይል ኦኤልሲ ወይም ዊግላይድ የሚባሉት የበረራ ድረ ገጾች ላይ ሁሉም ሰው ይጭናል፤ አንተ ከዚያ ማንበብ ብቻ ነው።

ዘመጊዶ ጻፈ፦

ሰላም ልጆች። እኔ እስራኤል ነው ያለሁት፤ የምንበረው ከመጊዶ ሜዳ ነው። ጥሩ ተነጋግራችኋል፤ አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳውም።

«ቅዳሜና እሁድ ብቻ» ስትል ልጄን አስወጣኸው። እሱ ሰንበት ያከብራል፤ ቅዳሜ ሜዳ አይመጣም። እሁድ ደግሞ እዚህ የሥራ ቀን ነው። የእሱ ቀን ዓርብ ነው፣ እሱም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ። አንተ ጋ ሰንበት አክባሪ አይኖር ይሆናል። ግን እሁድ ሆስፒታል ተረኛ የሆነች ነርስ የለችም? ቅዳሜ የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ የለም? ቀን ከልክለህ ፍትሕ አታመጣም።

ሁለተኛው ስለ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ንፋስ በኢይዝራኤል ሸለቆ ገብቶ ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቴርማሉን እንደ ሻማ እፍ ይለዋል። አየሩ ከመሞቱ በፊት ሁሉም መነሳት ይፈልጋል፣ ግላይደሩ ግን አንድ ነው። ውድድር ስንጀምር መጀመሪያ የተጣላነው በነጥብ እንዳይመስልህ። አንዱ የክለቡን ግላይደር ይዞ አራት ሰዓት ጠፋ፤ ሦስት ልጆች ፓራሹታቸውን ታጥቀው ፀሐይ ላይ ሲጠብቁት ዋሉ። ሲወርድ «ነጥብ እየሰበሰብኩ ነበር» አለ። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም።

የስምህ ነገር ደግሞ ደስ ብሎኛል። ሽመላዎቹ ከእናንተ አገር ተነስተው በመከር በእኛ ላይ ያልፋሉ፤ ከዚያ ወደ ሱዳንና ወደ አገራችን። ባሕር ላይ ቴርማል ስለሌለ የብስ የብሱን ነው የሚይዙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዮሲ ሌሼም የሚባል ተመራማሪ በሞተር ግላይደር አብሯቸው እየበረረ መንገዳቸውን አጥንቷል፤ የጦር አውሮፕላኖች ከወፍ ጋር እየተጋጩ ስለነበር ነው። እኛም ቫሪዮው (ከፍ እያልን መሆኑን በድምፅ የሚነግረን መሣሪያ) ዝም ሲል እነሱ የሚዞሩበትን ነው የምንፈልገው።

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

ጋሽ ዘመጊዶ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የነርሷን ነገር ሳነብ አፈርኩ፤ አለችን። እኔ ራሴ እኮ የእሁድ ጠዋቱ ብሪፊንግ ከቅዳሴ ጋር እየተጋጨብኝ ሁሌ ረፍዶ ነው የምደርሰው፤ ሠንጠረዥ ያዡ ስለሆንኩ ነው ዝም የሚሉኝ።

የግላይደሩ ነገር እኛም ጋ አለ። ካ 8 አንድ ናት፣ የሚጠብቋት አምስት። እዚህ በኢንተርኔት የሚካሄደው የክለቦች ቡንደስሊጋ ላይ ከእያንዳንዱ በረራ ፈጣኗ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የምትቆጠረው፤ ከየክለቡም የሦስት ሰው ውጤት። ስምንት ሰዓት መንከራተት ተጨማሪ ነገር አያመጣም። የሸንተረር ሦስት ማዕዘንም ያንኑ ያደርጋል፦ 100 ኪሎሜትር በካ 8 በደህና ቀን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ዞሮ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ይወጣል።

ገመድ_ተበጠሰ ጻፈ፦

ፍጥነት ሲባል አንድ ነገር ልጨምር፣ ቀልድ የለበትም። እኛ ክለብ (የት እንደሆነ ልተወው) የሰዓት ውድድር ነበር። አንዱ ሦስት ማዕዘኑን ጨርሶ ሲመለስ ጥቂት ሰከንድ ለማትረፍ ቴርማል ውስጥ ዞሮ ከፍታ መጨመር ጠላ፤ «ይደርሳል» ብሎ ቀጥ ብሎ መጣ። እኔ ዊንቹ ጋ ቆሜ ነበር። ግላይደሩ ከመንገዱ ማዶ ባለው የዛፍ መስመር በላይ ብቅ ሲል ሆዱን አየሁት፤ በዛፉ ቅጠል ላይ ጥላው አብሮ ይሄዳል። አጥሩን አንድ ሜትር ሁለት ሜትር በሚሆን አልፎ ወደቀ እንጂ አረፈ አይባልም። ሰውዬው ደህና ነው፣ ማረፊያ ጎማው ግን ወደ ሆዱ ገባ። ያን ቀን አንደኛ የወጣው እሱ ነው! ሕጉ እንደዚያ ነበር የሚለው።

ስለዚህ ሰዓቱን ሜዳው ላይ አታቁመው። ከሜዳው ሦስት ኪሎሜትር ላይ ክብ ሥራ፤ ሰዓቱ እዚያ ይቆማል። ክቡን ሲሻገር ከሜዳው በላይ ቢያንስ 300 ሜትር ያልያዘ ሰው በረራው ዜሮ ነው። የሎገሩ ፋይል ከፍታውን ይናገራል፣ ክርክር የለም። የተከለከለ የአየር ክልል የገባም ዜሮ፤ አንተ እንኳ የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ክልል ጎረቤትህ ነው።

የክንፍ_ጫፍ ጻፈች፦

ገመድ ያለው ልክ ነው። አንድ ላክልበት፦ ማሳ ላይ ያረፈ ሰው ዜሮ አይሁን። ዜሮ ከሆነ ሰው ማሳ መምረጥ ባለበት ከፍታ ላይ ሆኖ «ትንሽ ልሞክር» ይላል። የሄደበት ርቀት ይያዝለት። ሰው ውጭ ማረፍን እንደ ውርደት ካየው ከሜዳው አይርቅም፤ ካልራቀ ደግሞ ውድድሩ ለምን አስፈለገ?

ለተማሪዎችስ ምን አሰብክ? 100 ኪሎሜትር ለጀማሪ ተራራ ነው።

ሸንተረር ጻፈ፦

ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሥራላቸው፣ 50 ኪሎሜትር፤ የትም ቦታ ሲሆኑ ከፍታ ካላቸው ወደ ቤት መንሸራተት የሚችሉበት። የብር ባጅ የሌለው ብቻ ይወዳደርበት። እኛ ጋ ከትልቁ ይልቅ የሚወራው የትንሹ ነው።

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ አንድ ነገር ልናገር፣ ውስጤን በልቶኛል።

ቅዳሜ ለክረምት ጥገና ሀንጋር ነበርን። እኔና ጡረተኛው የካ 8ን ተጎታች ስናጸዳ፣ እንደ ምንም ብዬ «ዘንድሮ የማክሰኞ በረራ እንዳይቆጠር አስቤ ነበር» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ «እሺ» አለኝ፣ ማጽዳቱን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ግን ቅዳሜ ዊንቹን ማን ይነዳዋል?» አለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የአምናውን የሜዳ መዝገብ ከፈትኩት። 31 የቅዳሜና እሁድ ቀን በርረናል። በ19ኙ ዊንች ላይ የተጻፈው የእሱ ስም ነው። ልጅቷ 62 ኪሎሜትር የሄደችበትን ቅዳሜ ፈለግኩ፤ ያወጣት እሱ ነው። ሰውዬው ማክሰኞ የሚበረው ቅዳሜ እኛን ሲያስነሳ ስለሚውል ነው። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሠንጠረዡን ብቻ ነበር የማየው፤ መዝገቡ አንዴም ትዝ አላለኝም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ተለውጧል። የቀን ገደብ የለም፣ ማክሰኞም ዓርብም ይቆጠራል። ትልቁ ሦስት ማዕዘን 104 ኪሎሜትር ነው፤ ሁለቱ የመዞሪያ ነጥቦች አንድ የቤተ ክርስቲያን ግንብና አንድ የውኃ ግድብ ናቸው፤ 500 ሜትር ድረስ የቀረበ እንደዞረ ይቆጠርለታል። ትንሹ 52 ነው፣ የብር ባጅ ለሌለው። ከየሰዉ ሦስት ምርጥ ፍጥነት ይያዛል፣ አራት አብዝቼው ነበር። ክቡና 300 ሜትሩ ገመድ እንዳለው። ማሳ ላይ ያረፈ ርቀቱን ይዞ ለብቻው ዓምድ ይገባል፤ አምጪዎቹ ስማቸው ከጎኑ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ተጎታች ይዞ መሄድ ደቦ ነው፣ ብቻውን ያረፈ እንጂ ብቻውን የተመለሰ የለም። የክለብ ግላይደር ሰው እየጠበቀው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ከቆየ የዚያ ቀን በረራ አይያዝም። የሜዳ ሦስት ቀን ግዴታ ነው፤ አንድም ነጥብ የለውም።

የክንፍ_ጫፍ ጻፈች፦

እሱ 19 ቀን ከነዳ ሌሎቻችሁ መንዳት አትችሉም ማለት ነው ወይስ አትፈልጉም?

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

ዊንች ለመንዳት የሠለጠንነው አራት ነን። እኔ አንዱ ነኝ። አምና ሁለት ቀን ነው የነዳሁት፤ በራሴ ሕግ ብዳኝ በረራዬ አይቆጠርም ነበር።

ዘመጊዶ ጻፈ፦

ልጆቹን አሠልጥኑ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ 62 ኪሎሜትር ከሄደች ገመድ መጠቅለል አያቅታትም።

ቦሌ_ማዶ ጻፈ፦

ሙሉውን አነበብኩት። ማሳ ላይ ስታርፉ ገበሬው ሁሌ ኬክ ነው የሚሰጠው?

ገመድ_ተበጠሰ ጻፈ፦

ሁሌ አይደለም። አንዴ በትራክተር መንገዱን ዘግቶብን ለተረገጠው ስንዴ 40 ዩሮ አስከፍሎናል። ከፍለን ስንጨርስ ነው ቡና ያፈላልን።

ሽመላ_ዘሄሰን ጻፈ፦

ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። ሠንጠረዡ እንደተዘጋጀ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። የመጀመሪያው የዊንች ቅዳሜ የእኔ ነው፣ ስሜን ጽፌያለሁ።